ለኮምፒውተር ጌም ሁለተኛ ስክሪን የሚሆን ርካሽ ቲቪ አመራረጥ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

«ቲቪውን ገዛሁት፣ ጽሑፉ ግን ብዥ ይላል።» «ማውሱ ከእጄ ኋላ ነው የሚሄደው።» «ከታች ያለው ሰዓት ግማሹ ተቆርጦብኛል።» ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ጌም የሚጫወት ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከእነዚህ አንዱን እሰማለሁ። ጥፋቱ የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው ኢንቹን ያያል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይወጣል። ቲቪው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚሆን የሚያየው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚል 43 ኢንች ከኮምቦልቻ ገዛሁ። በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ታቅፌው ወጣሁ። ማታ ሳገናኘው ዊንዶውስ ራሱ «3840 በ2160» ብሎ ጻፈልኝ፤ የ4ኬ ነጥብ ብዛት ነውና ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ፎልደር ከፈትኩ። የፋይሎቹ ስም አይነበብም። ፊደሉ «ለ» ይሁን «ሰ» መለየት አቃተኝ። ፊቴን ሳስጠጋ ነጥቦቹ በዓይን ይቆጠራሉ። ውስጡ ያለው ፓነል፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ሰሌዳ፣ 1366 በ768 ነበር። ቲቪው የ4ኬ ሲግናል ይቀበላል፣ የሚያሳየው ግን ጨፍልቆ ነው። ልመልሰው ስሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ተባልኩ። ሌላ ሰው እንደዚያ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው ይህን የምጽፈው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ደረጃ 5ን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ የኮምፒውተራችሁን ጀርባ እዩ

ቲቪ ከመምረጣችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ምን ማውጣት እንደሚችል እወቁ። የዴስክቶፑን ጀርባ አዙሩና ቀዳዳዎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ሱቅ ውስጥ ያስፈልጋችኋል።

ግራፊክስ ካርድ ካለ ቀዳዳዎቹ ከታች በኩል ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የማዘርቦርዱ ነው። ቲቪውን ሁልጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አገናኙ። ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካችሁት ወይ ምንም አይመጣም፣ ወይ ጌሙ ይንቀራፈፋል።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የላቸውም። ያላቸው ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ ነው። አብሽር፣ ይቻላል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ግዙ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አዳፕተሩ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ከኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት ወደ ቲቪ ኤችዲኤምአይ። ሁለተኛ፣ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ለፉል ኤችዲ (1920 በ1080) ነው የሚበቁት። 4ኬን በ60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) የምትፈልጉ ከሆነ «አክቲቭ» የሚባለውን ጠይቁ። ቪጂኤ ብቻ ካላችሁ ግን በዚህ ገንዘብ መጀመሪያ ግራፊክስ ካርድ ብትገዙ ይሻላል።

ስፕሊተር አትግዙ። አንዱን ኤችዲኤምአይ ለሁለት የሚከፍለው ዕቃ ሁለቱም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚያወጣው። ጌሙን በአንዱ፣ ሌላውን ሥራ በሌላው ማድረግ ከፈለጋችሁ ከኮምፒውተሩ የሚወጡ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ዲስፕሌይፖርት ቢሆን ችግር የለውም።

አሁን ስለ 4ኬ። ከኤንቪዲያ የጂቲኤክስ 900 ተከታታይ (960፣ 970፣ 980)፣ ከኤኤምዲ ደግሞ የአርኤክስ 400 ተከታታይ ጀምሮ ያሉ ካርዶች በኤችዲኤምአይ 4ኬን በ60 ሄርዝ ያወጣሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቢበዛ በ30 ነው። ያለ ግራፊክስ ካርድ በኢንቴል ብቻ የሚሠሩ ቆየት ያሉ ላፕቶፖችም አብዛኞቹ 30 ላይ ይቆማሉ። በ30 ሄርዝ ፊልም ይታያል፣ ጌም ግን አይጫወቱበትም። ማውሱ ሲንቀሳቀስ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ኮምፒውተራችሁ እዚህ ውስጥ ከሆነ የምትፈልጉት ፉል ኤችዲ ቲቪ ነው። ለ4ኬ ትርፍ አትክፈሉ።

ደረጃ 2፦ ሜትር አውጡና ጠረጴዛውን ለኩ

ሳሎን ላለ ቲቪ «ትልቅ ይሁን» ይባላል። ጠረጴዛ ላይ ግን ትልቅ መሆኑ ይጎዳል። ሦስት ነገር ለኩና ጻፉ፦

1. ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ የሚቆምበት ቦታ ያለው ርቀት።
2. ከዋናው ሞኒተር ጎን የሚተርፈው ስፋት።
3. የጠረጴዛው ጥልቀት።

32 ኢንች ቲቪ 71 ሴንቲሜትር ገደማ ይሰፋል። 43 ኢንች 95 ገደማ ነው። ርካሽ ቲቪዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በሁለቱ ጫፍ ባሉ ሁለት እግሮች ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ከቲቪው ካነሰ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል።

ርቀቱን ከጻፋችሁ በኋላ እንዲህ ምረጡ፦

* 80 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር፦ 43 ኢንች እውነተኛ 4ኬ፣ ኮምፒውተራችሁ ከቻለ።
* ከ1.2 ሜትር ጀምሮ፦ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ።
* 1.7 ሜትርና ከዚያ በላይ፦ 43 ኢንች ፉል ኤችዲም ይሆናል። አልጋ ላይ ወይም ሶፋ ላይ ሆናችሁ በጆይስቲክ ለመጫወት ማለቴ ነው።

«ኤችዲ ሬዲ» የሚባለው 1366 በ768 ነው። በ32 ኢንች ላይ አንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። ከ1.8 ሜትር ካላነሰ ርቀት ኳስ ጌም ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ይቻል ይሆናል። ጽሑፍ፣ ካርታ፣ ቻት የሚነበብበት ሁለተኛ ስክሪን ለማድረግ ግን አትግዙት። በዚህ ላይ አልደራደርም። ደሴ ውስጥ ካየኋቸው የተበላሹ ግዢዎች አብዛኛው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም 32 ኢንች ከተባለው ውስጥ ርካሹ ሁልጊዜ እሱ ነው።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል ያሰባችሁ፣ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ በፊሸር ብቻ አትመኑ። ጣውላ በማገሩ ላይ አስመትታችሁ ከዚያ ላይ ስቀሉ።

ደረጃ 3፦ ካርቶን ላይ የትኛውን ማንበብ፣ የትኛውን መተው

*አንብቡ፦* የስክሪኑን ነጥብ ብዛት (1920 በ1080 ወይም 3840 በ2160)፣ የኤችዲኤምአይ ቁጥርና ዓይነት፣ የሞዴል ቁጥር፣ የመብራት መጠን። ለ4ኬ ቢያንስ አንዱ ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ 2.0 መሆን አለበት። ለፉል ኤችዲ 1.4 በቂ ነው።

*ተዉ፦* «ሞሽን 120»፣ «ክሊር 200» የመሳሰሉትን። የፓነሉ እውነተኛ ፍጥነት አይደሉም። በርካሽ ቲቪ ውስጥ ያለው ፓነል 60 ሄርዝ ነው፣ ያ ደግሞ ለሁለተኛ ስክሪን ይበቃል። «ስማርት» የሚለውንም ተዉ። ኮምፒውተር አጠገቡ ስላለ የቲቪው ዩቲዩብ ምንም አይጨምርላችሁም።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ፈልጉ፦ ጌም ሞድ። ቲቪ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል፣ ያለሰልሰዋል። ያ ጊዜ ይወስዳል። ጌም ሞድ ይህን ሁሉ ይዘጋዋል። በ60 ሄርዝ አንድ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ጌም ሞድ የሌለው ቲቪ አምስትና ስድስት ምስል ያህል ሊዘገይ ይችላል። እጃችሁ ማውሱን አቁሞት ጠቋሚው ገና ይሄዳል። በሳምሰንግ፣ ኤልጂ፣ ሶኒ፣ ሃይሴንስና ቲሲኤል ስማርት ቲቪዎች ላይ በአብዛኛው ይገኛል። ስማቸው ብዙም በማይታወቅ ቲቪዎች ላይ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ስለዚህ ሪሞቱን ይዛችሁ «ፒክቸር ሞድ» ውስጥ ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ደረጃ 4፦ የመፈተሻ ዕቃ አዘጋጁ

ቤት ሆናችሁ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው።

1. ፔይንትን ክፈቱ። የምስሉን መጠን 1920 በ1080 ፒክስል አድርጉ።
2. እስከ 800 በመቶ አስጠጉት። አንድ ፒክስል የወፈረ ቁም ጥቁር መስመር፣ ቀጥሎ አንድ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር እያላችሁ ስምንት መስመር ሥሩ። ከዚያ ምረጡት፣ ኮፒ አድርጉና ጎኑ ላይ ለጥፉ። መዳፍ እስኪያህል አብዙት።
3. ያንን ቁራጭ መሃል ላይ አንድ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ አንድ አንድ አድርጉ። የማዕዘኖቹ ከምስሉ ጫፍ ጋር ይነካኩ።
4. በሌላ ምስል ላይ ሰማያዊ መደብ አድርጉና በቀይ ቀለም ትንንሽ ጽሑፍ ጻፉ።
5. ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር የሆኑ አምስት ምስሎች ጨምሩ።
6. ሁሉንም በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ቀለሙን ራሱ ስለሚያደበዝዘው ፈተናውን ያበላሽባችኋል።
7. ለ4ኬ ከሆነ መስመሩንና ቀዩን ጽሑፍ በ3840 በ2160 ድገሙ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ላፕቶፕ (ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ፤ በዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሰፈር ላፕቶፕ አይጠፋም)፣ የሚሠራ መሆኑን የምታውቁት 1.5 ወይም 2 ሜትር ኤችዲኤምአይ ኬብል፣ ማስመሪያ፣ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ።

ምስሎቹን በፍላሽ ቲቪው ላይ ሰክታችሁ አትፈትሹ። ፍላሽና ኤችዲኤምአይ ቲቪው ውስጥ በአንድ መንገድ አይሄዱም። በፍላሽ ያማረው በኬብል ሊያስጠላ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ፣ ከመክፈል በፊት

ፒያሳም ሂዱ አራዳ፣ ወይም ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት ሱቁ ገና ሳይጨናነቅ፣ መብራት ባለበት ቀን ሂዱ። «በኋላ መብራት ሲመጣ ቤትህ ታየዋለህ» ከተባላችሁ ተመልሳችሁ ኑ።

ገና ስትገቡ ነገሩን በትህትና ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ለኮምፒውተር ነው የምፈልገው። በራሴ ላፕቶፕ ሩብ ሰዓት ልሞክረው፣ ከሆነልኝ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።» ብዙ ነጋዴ እሺ ይላል። «አብሽር፣ 4ኬ ነው፣ ምንም አያስፈልግም» ብሎ የሚከለክል ካለ አትጣሉ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ቀጥሎ ሌላ ሱቅ አለ።

5.1 ነጥቡን በማስመሪያ ቁጠሩ

ይህ ፈተና ላፕቶፕም አይፈልግም፣ ማንም ሊያታልልበት አይችልም። ነጭ ነገር ስክሪኑ ላይ አስወጡ። ማስመሪያውን ሳትጫኑ በጠርዙ በኩል አስጠጉት። የስልኩን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን አስፉት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዘንግ ተደርድረው ታያላችሁ። ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ፒክስል ናቸው። በአግድም አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት እንዳሉ ቁጠሩ፦

* 32 ኢንች ፉል ኤችዲ፦ 27 ገደማ
* 32 ኢንች ኤችዲ ሬዲ፦ 19 ገደማ
* 43 ኢንች 4ኬ፦ 40 ገደማ
* 43 ኢንች ፉል ኤችዲ፦ 20 ገደማ
* 43 ኢንች በ1366 ፓነል፦ 14 ገደማ

በአንድና በሁለት ብትሳሳቱ ምንም አይደለም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። እኔ የተሸወድኩበት ቲቪ በኋላ ስቆጥረው 14 ነበር የወጣው። ማስመሪያ በኪሴ ቢኖር ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

*ፎቶው ካልጠራ፦* ስልኩን ትንሽ አርቁና በዙም አንሱ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ።

5.2 ላፕቶፑን አገናኙ

ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ኬብሉን ሰኩ፣ ከዚያ አብሩ። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ «P» ፊደልን ተጫኑና «ኤክስቴንድ» (ሁለቱ ስክሪን የተለያየ ነገር የሚያሳዩበትን) ምረጡ። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቲቪውን ነጥብ ብዛት በፓነሉ ልክ አድርጉ። የጽሑፍ ማጉያውን 100 በመቶ ላይ አውርዱ። ላፕቶፑ 4ኬን በ30 ሄርዝ ብቻ ቢያወጣም ለመስመር ፈተናው ይበቃል።

5.3 መቆረጡን አስወግዱ

የማዕዘኖቹን ምስል ሙሉ ስክሪን ላይ ክፈቱ። አራቱም ማዕዘን ይታያሉ? ካልታዩ ቲቪው ምስሉን ለጥጦ ዳር ዳሩን እየቆረጠ ነው። በሪሞት የምስል ስፋት ውስጥ ግቡ። ስሙ በየቲቪው ይለያያል፦ «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት»፣ «ፉል ፒክስል»፣ «ዶት ባይ ዶት»፣ «ኦሪጅናል»። አንዱን ስትመርጡ አራቱም ማዕዘን መምጣት አለባቸው። በየትኛውም ካልመጡ ያንን ቲቪ ተዉት። ቤት ወስዳችሁ በኮምፒውተር አስተካክላለሁ ብትሉ ማዕዘኑ ይገባላችኋል፣ ጥራቱ ግን ይሄዳል።

5.4 መስመሩንና ቀዩን ጽሑፍ እዩ

መቆረጡ ከጠፋ በኋላ «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ዜሮ አውርዱ። አንዳንድ ቲቪ ላይ ገለልተኛው መሃል ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ሞክሩ። መስመሮቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው እኩል ከቆሙ ቲቪው የኮምፒውተሩን ምስል ሳይነካው እያሳየ ነው። ግራጫ ማዕበል ወይም ወፍራምና ቀጭን መስመር ከታየ ፓነሉ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ሰማያዊው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ። ፊደሉ ዳሩ ተለይቶ መነበብ አለበት። እንደረጠበ ቀለም ከተንሰራፋ ቲቪው የቀለሙን መረጃ በግማሽ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ወዲያው አትተዉት። የኤችዲኤምአዩን ስም ወደ «ፒሲ» ቀይሩት። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የግብዓቱን ምልክት መቀየር ብቻ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ሌሎቹ ላይ ጌም ሞድን አብሩ። ካልጠራ ለቻትና ለድረ ገጽ የሚሆን ስክሪን አይደለም።

5.5 መዘግየቱን ለኩ

አሁን «ዱፕሊኬት» አድርጉ፣ ሁለቱም አንድ ምስል ያሳዩ። የዊንዶውስን ክሎክ ከፍታችሁ ስቶፕዎች አስነሱ። ላፕቶፑንና ቲቪውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለቱን ሰዓት አንሱ። አስር ፎቶ አንሱ። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ቲቪው ከላፕቶፑ የሚዘገየው ነው። አማካዩ ከ0.03 ሰከንድ ካነሰ ደስ ይበላችሁ። ከ0.05 ካለፈ የኳስ ጌም ላይ እንኳ የመታችሁት ኳስ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ዘግይቶ እንደሚወጣ ይሰማችኋል። ጌም ሞድን አጥፍታችሁና አብርታችሁ ለኩ። ካበራችሁት በኋላም ካልቀነሰ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

5.6 ቀለምና ጎን

አምስቱን ሙሉ ቀለሞች አንድ በአንድ አሳልፉ። በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ በጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ወደ ጎን ሄዳችሁ እዩት። ሁለተኛ ስክሪን ሁልጊዜ በጎን የሚታይ ነው። ከጎን ሲታይ ነጥቶ የሚጠፋ ከሆነ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አትወዱትም።

5.7 ወረቀቱን አስተያዩ

ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ያለውንና በሴቲንግ ውስጥ የሚታየውን አስተያዩ። ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ቁጥሩን በስልካችሁ ፈልጉ። የትልቅ ኩባንያ ስም ተለጥፎበት ሞዴሉ በየትም የማይገኝ ከሆነ ስሙ ከሌላ የመጣ ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና ለምን ለምን እንደሚሸፍን እዚያው ላይ አስጽፉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የት እንደነበረ ጠይቁ። ኳስ የሚታይበት ቤት ወይም የጌም ቤት ቲቪ ጠዋት በርቶ ማታ የሚጠፋ ነው። የጀርባ መብራቱ ደክሟል። ነጩን ስክሪን አውጥታችሁ ጥላ ወይም ሰማያዊ የሆነ ቦታ ካለ እለፉት።

ደረጃ 6፦ ይዞ መሄድ

ቲቪ ይቆማል እንጂ አይተኛም። ተኝቶ ሲሄድ መሃሉ ይረግባል፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ባጃጅ ላይ ካርቶኑን አቁማችሁ በሁለት ሰው ደግፉት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሚኒባስ ከሆነ ለቲቪው የወንበር ከፍላችሁ ከጎናችሁ አቁሙት። ጣሪያ ላይ አታስጭኑ። ሐረጎ ላይ መኪናው ሲታጠፍ ዕቃው ሁሉ ይንሸራተታል።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለችም። ከደሴ ብርድ ወደ ታች ስታወርዱት ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ከካርቶኑ አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አብሩ።

ደረጃ 7፦ መብራቱን አስተካክሉ

ኮምፒውተሩንም ቲቪውንም ከአንድ የግድግዳ ሶኬት፣ በደህና ዲቫይደር ውሰዱ። የኮምፒውተሩን ብረት ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬቱ የምድር ሽቦ (ኧርዝ) የለውም። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም እንደበሩ ኤችዲኤምአይ ብትሰኩ ቀዳዳውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ኬብሉን ሰኩ፣ ከዚያ መልሱ። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ምድሩን አሠሩ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ ኮምፒውተሩንና ዋናውን ሞኒተር ብቻ አገናኙበት። ቲቪው ድንገት ቢጠፋ የሚጠፋ ፋይል የለውም፣ ዩፒኤሱ ግን ቶሎ ያልቃል። ስታቢላይዘር የሚጠብቃችሁ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ነው፣ ሲጠፋ አይደለም። መብራት ከሄደ ቲቪውን ንቀሉ። ከተመለሰም አምስት ደቂቃ ያህል ታገሱ። ክረምት ላይ ጦሳ ላይ ሲያጉረመርም ደግሞ የዲሹንም ሽቦ ንቀሉ፣ መብረቅ በዚያ በኩልም ይገባል።

ደረጃ 8፦ ቤት ውስጥ ማስተካከል

1. ኬብሉን ከግራፊክስ ካርዱ ወደ ቲቪው ሰኩ። ለ4ኬ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሆነውን ቀዳዳ ምረጡ።
2. 4ኬ ከሆነ ቲቪው ላይ ሙሉ ሲግናሉን ክፈቱ። ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ ላይ «ኢንሃንስድ ፎርማት» ይባላል።
3. ግብዓቱን «ፒሲ» በሉት፣ ጌም ሞድን አብሩ፣ መቆረጡን አጥፉ፣ ሻርፕነስን አውርዱ።
4. ዊንዶውስ ላይ «ኤክስቴንድ» አድርጉ። ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉት ጎትታችሁ አቀማመጣቸውን አስተካክሉ።
5. «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብታችሁ ቲቪው 60 ሄርዝ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።
6. ጽሑፉ ካነሰ የቲቪውን ማጉያ ብቻ 125 ወይም 150 አድርጉ። ነጥቡን አትቀንሱ።

የትኛው ጌም የት? በማውስ የሚተኮስበትን፣ ፍጥነት የሚጠይቀውን ዋናው ሞኒተር ላይ ተዉት። የኳስ፣ የመኪናና የታሪክ ጌም በጆይስቲክ ቲቪው ላይ ያምራል። ካርዳችሁ ለ4ኬ ጌም ካልበረታ አትጨነቁ። 4ኬ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ነጥብ ነው። ዴስክቶፑን በ4ኬ ትታችሁ ጌሙን ብቻ በ1080 ክፈቱት። በሁለቱም አቅጣጫ በትክክል በሁለት ስለሚካፈል ቅርጹ አይዛባም።

ሲያስቸግር

«ኖ ሲግናል» ካለ፦ ሪሞቱ ላይ የመረጣችሁት ኤችዲኤምአይ ቁጥር ኬብሉ ካለበት ጋር አንድ ነው? ቀጥሎ ኬብሉ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን እዩ። ከዚያ በሌላ ኬብል።

4ኬ በ30 ሄርዝ ብቻ ከመጣ፦ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ የቲቪው ሙሉ ሲግናል መከፈቱን፣ ቀዳዳው 2.0 መሆኑን፣ ኬብሉን፣ አዳፕተሩን። አራቱም ደህና ከሆኑ ካርዱ ነው።

ስክሪኑ በየመሃሉ ጥቁር እያለ የሚመለስ ከሆነ፦ ኬብሉ ረዝሟል ወይም ደክሟል። 2 ሜትር ባልበለጠ ቀይሩት።

ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ፦ ኮምፒውተሩና ቲቪው የብርሃኑን ልክ አልተስማሙም። በኤንቪዲያ ሴቲንግ ውስጥ «ዳይናሚክ ሬንጅ»ን «ፉል» አድርጉ፣ በኤኤምዲ «ፒክስል ፎርማት»ን «አርጂቢ ፉል» ላይ። ቲቪው ላይ ያለውን «ብላክ ሌቭል»ም ከዚሁ ጋር አስማሙት። በተቃራኒው ጨለማው ሁሉ አንድ ጥቁር ሆኖ ዝርዝሩ ከጠፋ፣ አንዱን ወደ «ሊሚትድ» መልሱ።

ፊደሉ ዳር ላይ ቀይና ሰማያዊ ካለው፦ ዊንዶውስ ላይ «ክሊርታይፕ» ብላችሁ ፈልጉና ቲቪውን መርጣችሁ የሚነበበውን ናሙና እየመረጣችሁ ጨርሱ።

ድምፁ ወደ ቲቪው ከሄደ፦ ከታች በቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ ወደ ሄድፎናችሁ መልሱ።

ጌሙ በማትፈልጉት ስክሪን ከተከፈተ፦ ጌሙን በመስኮት ወይም «ቦርደርለስ» አድርጉና የዊንዶውስ ቁልፍን ከሺፍትና ከቀስት ጋር ተጫኑ፣ ወደ ሌላው ይዘላል።

ማውሱ ጨዋታ መሃል ወደ ሌላው ስክሪን ከሸሸ፦ «ቦርደርለስ» የነበረውን «ፉል ስክሪን» አድርጉ።

ቤት ስትገቡ የሞተ ነጥብ ወይም ጥላ ካገኛችሁ፦ በዚያው ቀን፣ ነጩንና ጥቁሩን ስክሪን አውጥታችሁ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ካርቶኑን፣ ፎሙን፣ የእግሮቹን ብሎኖች ሳትጥሉ ከደረሰኙ ጋር ይዛችሁ በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ድረሱ።